ያልጠቆረ ቡና

ደሴ ላይ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። ከተማዋ በጦሳ ተራራ ሥር፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ስለተቀመጠች አየሩ ሳስቷል፤ ጀበናው ከዚያ በላይ ልሙቅ ቢል እንፋሎት ሆኖ ይወጣል እንጂ አይሞቅም። የሐረጎን ጠመዝማዛ ወርደው ኮምቦልቻ ሲደርሱ፣ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ርቀው፣ ከፍታው ወደ 1,850 ሜትር ዝቅ ይላል። ውሃውም ሁለት ዲግሪ ጨምሮ 94 አካባቢ ይፈላል። ሁለት ዲግሪ ለሻይ ብዙም አይደለችም። ለቡና ግን ናት። የቡናን ጣዕም የሚያጠኑ ሰዎች ውሃው ከ90 እስከ 96 ዲግሪ ባለው መካከል እንዲሆን ይመክራሉ፤ ደሴ ሙሉ በሙሉ ቢፈላላት እንኳ ከዚህ ልክ ግማሽ አትዘልም። አንድ ቤተሰብ ከአንድ ማሳ የለቀመውን፣ በአንድ ብረት ምጣድ የተቆላውን ቡና ከፍለን ግማሹን ደሴ ግማሹን ኮምቦልቻ ብናፈላው፣ የተለያየ ስኒ እንቀዳለን።

ታዲያ ጣዕሙ የማን ነው? የማሳው ነው እንዳንል ማሳው አንድ ነው፤ የቆላው እጅ ነው እንዳንል እጁም አንድ ነው። በዚህ ጥያቄ ላይ የቆየሁት፣ ዛሬ ስለ ቡና አጥብቀው የሚናገሩ ሰዎች የጸና መልስ አለን ስለሚሉ ነው። ጣዕም የአፈር ነው ይላሉ። ከአዲስ አበባ አዳዲስ ቡና ቤቶች እስከ ቶኪዮና ኦስሎ፣ የሚወደደው ቡና ከአንድ ቦታ፣ ቢቻል ከአንድ ቤተሰብ ማሳ የመጣ፣ ከሌላ ጋር ያልተደባለቀ፣ ሳይጠቁር በስሱ የተቆላ ነው። ከረጢቱ ላይ ወረዳው፣ ከፍታው፣ አንዳንዴም የገበሬው ስም ይጻፋል። ሁለቱ ነገሮች፣ የማሳው አንድነትና የቁሌቱ መሳሳት፣ አብረው የሚሄዱት በአጋጣሚ አይደለም። ምክንያቱ ምጣዱ ላይ ይታያል።

ጥሬ ቡና ከክብደቱ ከ10 እስከ 12 በመቶ ያህሉ ውሃ ነው። ምጣድ ላይ ሲያርፍ መጀመሪያ የሚሄደው ይኸው ውሃ ነው፤ አረንጓዴው ይገረጣል፣ ቢጫ ይሆናል፣ ቤቱ ገብስ የሚቆላበት ይመስላል። ከዚያ በፍሬው ውስጥ ያለው ስኳርና ፕሮቲን በሙቀቱ ይዋሃዳሉ፣ ቀለሙ ወደ ዳማ ይሄዳል። ሙቀቱ 200 ዲግሪ ሊደርስ ሲቃረብ በፍሬው ሆድ የታመቀው እንፋሎት ገላውን ሰንጥቆ ይወጣል፤ ጠቅ፣ ጠቅ ይላል። በስሱ የሚቆላ ሰው ከዚህ ድምፅ ብዙም ሳይርቅ ያወርደዋል። የኛ ቤት እጅ ግን ይቀጥላል። ፍሬው ይጠቁራል፤ ቀጠን ያለው ሁለተኛው ድምፅ ይመጣል፤ ዘይቱ ወደ ላይ ይወጣና ፍሬው ያብረቀርቃል። በሁለቱ ድምፆች መካከል ያለው ጊዜ ጥቂት ደቂቃ ነው። ሲትሪክና ማሊክ የሚባሉት፣ በሎሚና በፖም ውስጥም የሚገኙት አሲዶች የሚመናመኑት፣ አበባ አበባ የሚለው ሽታ የሚተነው፣ በምትካቸውም ጥብስነት፣ ምሬትና ጭስ የሚገባው በዚያች ጥቂት ደቂቃ ነው። ምሬቱ መጥፎ ነው አልልም፤ ብዙዎቻችን ያደግንበት ነው። ነገር ግን ምሬቱ ከእሳት የመጣ ነው፤ እሳት ደግሞ የትም አንድ ነው። ይርጋጨፌም ይሁን ሐረር ወይም ጅማ፣ በደንብ ከጠቆረ በኋላ ምላስ ለመለየት ይቸገራል። ማሳውን ለማወቅ የሚፈልግ ሰው እሳቱን ቀደም ብሎ ማቆም አለበት።

እስከዚህ ድረስ ከእነሱ ጋር እስማማለሁ። ልዩነቴ የሚጀምረው ይህን ነገር ይዤ ወደ ወሎ ስመጣ ነው።

ወሎ የሚታወቀው ቡና በመጠጣት እንጂ በማምረት አይደለም። ደሴ ለቡና ዛፍ ትበርዳለች። ኮምቦልቻ ሙቀቱ አላት፤ የዓመቱ ዝናቧ ግን 1,000 ሚሊ ሜትር አካባቢ ስለሆነ፣ 1,500 ቢያገኝ ደስ ለሚለው ተክል አይበቃም። ስለዚህ የቡና ዛፍ እዚህ ምንጭ ተጠልፎ በሚገባበት ጓሮ ብቻ የሚኖር ነው። በወረባቦ፣ በሐይቅ ዙሪያ በተሁለደሬ፣ በአምባሰልና በቃሉ፣ ከጫቱ፣ ከጌሾው፣ ከሎሚውና ከሸንኮራው መሃል፣ የዋንዛ ጥላ ሥር ጥቂት የቡና ዛፎች ይገኛሉ። ሄክታር ብሎ መለካት አይመችም። የቤቱ ሰው ዛፎቹን አንድ በአንድ ያውቃቸዋል፦ ይቺ ቀድማ ትቀላለች፣ ያቺ ዓመት እየዘለለች ነው የምታፈራ፣ እቺን አማቴ ናቸው የተከሏት። ከአማራ ክልል በቡናው ስሙ የገነነው ዘጌ ነው፤ ጣና ዳር፣ የገዳማቱ ጫካ ውስጥ፣ አቡነ በትረ ማርያም በትራቸውን ለሦስት ሰብረው ቡና፣ ጌሾና ሎሚ አደረጉት የሚባልበት። የወሎ ጓሮ እንዲህ ያለ ተረት የለውም። ችግኙ ከጎረቤት ወይም ከዘመድ፣ አልያም ከግብርና ጣቢያ የመጣ ነው።

ፍሬው ሲቀላ ይለቀምና ሰሌን ላይ፣ አንዳንዴም ጣራ ላይ ይሰጣል። ደርቆ ጀንፈል ሲሆን እንደዚያው ከነገለባው ይቀመጣል። የሚፈለፈለው ቡና በሚፈላ ዕለት ወይም ለሳምንት የሚበቃው ብቻ ነው። ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ነገር ግን ገለባው ፍሬውን ከአየርና ከሽታ ይጠብቀዋል። ባሕር ማዶ ያሉት ቡና ቆዪዎች ጥሬው ፍሬ እንዳያረጅ በልዩ ከረጢት አሽገው የሚያገኙትን ጥበቃ፣ የወረባቦዋ እናት በሙቀጫዋ ልማድ ታገኘዋለች። የአንድ ቤተሰብ ማሳ፣ ያልተደባለቀ ቡና፣ የሚያመርተው ሰው ከነስሙ የሚታወቅ፦ ከረጢቱ የሚመካበት ሁሉ እዚህ ቤት ውስጥ አለ። ከረጢቱ የማያውቀውም አለ። በውጭ አገር ከረጢቶች ላይ የኢትዮጵያ ቡና ዝርያ ብዙ ጊዜ "ነባር ዝርያ" ተብሎ በአንድ ቃል ይታለፋል። ከዚያ "ነባር" ከተባለው ውስጥ ግን የቡና ፍሬ በሽታ በ1971 እ.ኤ.አ. ከገባ በኋላ ጅማ ላይ ተመርጠው እንደ 74110 ያለ ቁጥር የተሰጣቸውም አሉበት፤ 74 ቁጥሩ የተመረጡበት ዓመት ነው። የጓሮዋ ባለቤት ቁጥሩን ላታውቅ ትችላለች። ዛፏን ግን ታውቃለች።

ከእንዲህ ዓይነት ጓሮ የመጣ ጥቂት ጀንፈል ደሴ ውስጥ አግኝቼ ነበር። ፈልፍዬ፣ ብረት ምጣድ ላይ፣ ከመጀመሪያው ድምፅ ትንሽ አለፍ እንዳለ አወረድኩት፤ ቀለሙ የቀረፋ ልጥ ይመስል ነበር። ሙቀጫ ውስጥ ሲገባ ችግሩን አየሁት። የጠቆረ ቡና ዘነዘናው ሲነካው ይፈረካከሳል፤ ይህ ግን ገና ጠጣር ነው፣ ይሸሻል፣ አይደቅም። ጎረቤታችን የሆኑ አንዲት እናት አጠገቤ ተቀምጠው ዝም ብለው ሲያዩ ቆዩና፣ "ልጄ፣ ይሄ ቡና መች ተቆላና ትወቅጠዋለህ?" አሉ።

"ተቆልቷል እማማ፤ እንዲህ ሆኖ ነው የሚጠጣው።"

"ማን ነው እንዲህ አድርጎ የሚጠጣው?"

ቀድቼ ሰጠኋቸው። ያለ ጨው፣ ያለ ጤና አዳም። ቀመሱት፤ ፊታቸውን አላጨፈገጉም። ትንሽ ቆይተው፣ "የፍሬው ሽታ አለው። እሸቱን ልጅ ሆነን ስንመጠው እንዲህ ነበር የሚጣፍጠው" አሉ። ደስ አለኝ። ነገሩ ያለቀ መሰለኝ። እሳቸው ግን ስኒውን አስቀምጠው ጨመሩ፦ "ጥሩ ነው። ለሰው ግን አይቀርብም። ለራስህ ጠጣው።"

ይህ አነጋገር ከየትኛውም የቡና መጽሐፍ የበለጠ አሳሰበኝ። እሳቸው ጣዕሙን አልካዱም፤ እንዲያውም ከኔ ቀድመው፣ ከኔ በተሻለ ለዩት። የካዱት ሌላ ነገር ነው። በወሎ ቤት ቡና ለሰው ነው የሚቆላው። ጭሱ ገና ሲነሳ ምጣዱ በእንግዶቹ ፊት ይዞራል፤ ሰው በእጁ ወደ ራሱ እየሳበ ያሸታል፣ ይመርቃል። ዕጣኑ ይጨሳል፣ ቄጤማው ተጎዝጉዟል፣ ቆሎው ቀርቧል። አቦሉ ከመቀዳቱ በፊት ትልቁ ሰው ዱአ ያደርጋል፤ የታመመው እንዲድን፣ መንገደኛው በሰላም እንዲገባ፣ አገር አማን እንዲሆን ይለመናል፣ አሚን ይባላል፤ አጠገቡ ያለው ክርስቲያን አሜን ይላል። ከዚያ ቶናው አለ፣ በረካው አለ። አርፍዶ የመጣ ጎረቤት በረካው ላይ ቢደርስም ከቡናው ደርሷል። ለዚህ ሁሉ የጠቆረው ፍሬ ይመቻል። ጭሱ ብዙ ነው፣ ይደቃል፣ ሦስት ጊዜ ቢፈላም ጉልበት አለው። ስሱ ፍሬ ጠጣር ስለሆነ ውስጡን ለውሃ ቶሎ አይሰጥም፤ ውሃው ከ92 ዲግሪ በማያልፍበት ከተማ ደግሞ የበለጠ ይሰስታል። ጭሱም ለክፍሉ አይበቃም።

ይህ ረከቦት በቀላሉ የተገኘ አይደለም። በብዙው የክርስቲያን ደጋ ቡና የሙስሊም መጠጥ ነው ተብሎ የተሸሸበት ዘመን ነበር፤ በአፄ ምኒልክ ዘመን ነው ነገሩ እየላላ የሄደው። ከደሴ አጠገብ፣ ቦሩ ሜዳ ላይ፣ በ1870 ዓ.ም. በአፄ ዮሐንስ ፊት የተካሄደው ጉባኤ ለወሎ ሙስሊሞች ሃይማኖታቸውን እንዲለውጡ ትእዛዝ አስከትሏል። ያንን ያየ አገር ዛሬ በአንድ ስኒ ዙሪያ አሚንና አሜን ሲባል የሚሰማበት ሆኗል። አንድ ወንድም ሙስሊም ሌላው ክርስቲያን የሆነበት ቤተሰብ እዚህ ብርቅ አይደለም። እማማ "ለሰው አይቀርብም" ሲሉ የሚጠብቁት ይህን ነው። ስሱ ቡና ጠጪውን ወደ ስኒው ያጎነብሰዋል፤ ዝም ብሎ እንዲያጣጥም፣ ሎሚ ነው ወይስ ኮክ እያለ እንዲያስብ ይፈልጋል። ጥቁሩ ቡና ጠጪውን ቀና አድርጎ አጠገቡ ካለው ሰው ጋር ያነጋግረዋል።

እዚህ ላይ ማቆም ይቻል ነበር። ማሳውን ለማወቅ ስሱ፣ ሰውን ለማወቅ ጥቁሩ ብሎ ሁለቱን አስታርቆ መሄድ። ግን እንዲህ ያለው ዕርቅ አንድ ከባድ ጥያቄ ያልፋል፦ እማማ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲቆሉ የኖሩት የትኛውን ቡና ነው?

የጓሮውን አይደለም፤ የጓሮው ጥቂት ነው፣ ደሴም እምብዛም አይደርስም። የቆሉት ከገበያ የገዙትን ነው። ያ ቡና ከምዕራብና ከደቡብ ተነስቶ፣ አዲስ አበባን አልፎ፣ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ተጭኖ የመጣ ነው። ሕጋችን ለረጅም ዘመን ለውጭ ገበያ የሚመጥነውን ቡና አገር ውስጥ መሸጥ ሲከለክል ኖሯል። አገር ውስጥ እንዲሸጥ ይፈቀድ የነበረው ለኤክስፖርት ሳይበቃ የቀረው ነው። ከምናመርተው ግማሽ ያህሉን እዚሁ እንጠጣለን እየተባለ በኩራት ይነገራል፤ እውነት ነው። ግን የትኛውን ግማሽ? የተሰበረውን፣ ነቀዝ የጎበኘውን፣ ያልበሰለውን፣ የከረመውን ነው። እማማ በሰፌድ ለቅመው፣ አጥበው፣ ደግመው ለቅመው ምጣድ ላይ የሚያወጡት ይህን ነው። እንዲህ ያለ ፍሬ በስሱ ቢቆላ ጉዱን ያወጣል፤ የሻጋታው ሽታ፣ ያልበሰለው ፍሬ የሚያኮማትር ጣዕም፣ የጆንያው ጠረን ሁሉ ስኒው ውስጥ ቁጭ ይላል። ሲጠቁር ግን ይሸፈናል። እሳቱ እኩል ያደርገዋል። ጨውና ጤና አዳም ሲታከልበት ደግሞ ለእንግዳ የሚቀርብ፣ የሚመረቅበት ቡና ይሆናል።

ስለዚህ የጥቁሩን ቁሌት ነገር ባህል ነው ብዬ ብቻ ማለፍ አልቻልኩም። ውስጡ ባህል አለ፤ ውስጡ ደግሞ ተረፈ ምርት የደረሰው ሕዝብ ጥበብ አለ። ሁለቱ ከመዋደዳቸው የተነሳ ለመለየት ያስቸግራሉ። ሁሉንም ልማድ ከድህነት የመጣ ነው ማለት ሰውን መናቅ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ጥሩ ፍሬ እያላቸው አጥቁረው የሚቆሉ ብዙ ናቸው፣ ወደው ነው። ነገር ግን ምርጫ የሚባለው ሌላው መንገድ ክፍት ሲሆን ነው። በስሱ ለመቁላት የሚደብቀው ነገር የሌለው ፍሬ ያስፈልጋል። እንዲህ ያለውን ፍሬ የሚያበቅለው አገር፣ ለራሱ ልጆች ሳያስቀር ሲልከው ኖሯል። አንድ የኦስሎ ሰው የሲዳማን ኮረብታ በምላሱ ሲያውቀው፣ የሲዳማ ሰው የደሴ ዘመድ አያውቀውም።

የስሙም ነገር እንደዚሁ ነው። በ2005 እ.ኤ.አ. ኢትዮጵያ ይርጋጨፌን፣ ሲዳሞንና ሐረርን በአሜሪካ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ ስትጠይቅ ከቡና ሻጩ ኩባንያ ከስታርባክስ ጋር ሰፊ ክርክር ተነሳ፤ በ2007 ነው ስምምነት ላይ የተደረሰው። ስም ሀብት መሆኑን ያኔ ብዙዎቻችን ተማርን። ወዲያው በቀጣዩ ዓመት ሥራ የጀመረው የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ግን ቡናን በአካባቢና በደረጃ እየመደበ መጋዘን ውስጥ አቀላቀለው። ለገበሬው ጥቅም አልነበረውም አልልም፤ ዋጋ በአደባባይ ታየ፣ ክፍያ ፈጠነ። የማሳው ስም ግን መጋዘኑ በር ላይ ቀረ። በ2017 እ.ኤ.አ. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1051 ያንን በር መልሶ ከፈተው፤ ቡና ከተመረተበት ቦታ ስም ጋር ገዢው ዘንድ እንዲደርስ መንገድ ተገኘ። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ ካፕ ኦፍ ኤክሰለንስ የሚባለው ውድድር ለመጀመሪያ ጊዜ በአገራችን ሲካሄድ፣ አንደኛ የወጣው የሲዳማ ገበሬ ቡና በጨረታ ፓውንዱ 185 ዶላር ከ10 ሳንቲም ተሸጠ። በዚያ ዓመት የኒው ዮርክ ገበያ የአረቢካ ዋጋ ለአንድ ፓውንድ ከአንድ ዶላር ብዙም አይርቅም ነበር። ሁለቱም ቡና ነው፤ በዋጋቸው መካከል ያለው ገደል ግን በአብዛኛው ከመታወቅና ካለመታወቅ የመጣ ነው።

ያም ሆኖ ያን ስኒ የቀመሰው ማን ነው? ለጨረታው ገንዘብ የነበረው። የገበሬውን ስም ያነበበው ማን ነው? እሱው። ገበሬው በመታወቁ ደስ ይለኛል፤ ድካሙ ዋጋ ማግኘቱ የዘገየ ፍትሕ ነው። ቅር የሚለኝ፣ ዕውቀቱ ራሱ ኤክስፖርት መሆኑ ነው። የዚህ አገር ማሳ በጣዕሙ የሚታወቀው በአብዛኛው ባሕር ማዶ ነው፤ እዚህ ቡና ማለት ቡና ነው፣ ነጋዴውም "ጥሩ ነው" ከማለት በቀር ሌላ አይጠየቅም።

ወሎ ከዚህ የተሻለ ጆሮ እንዳለው ደግሞ አውቃለሁ። ከአራቱ የዜማ ቅኝቶቻችን ሁለቱ፣ ባቲና አምባሰል፣ የዚሁ አካባቢ ስሞች ናቸው። ማሪቱ ለገሠ አምባሰልን ስታዜም የሰማ የወሎ ሰው፣ ማሲንቆው ገና ሲነካ የት አገር እንደቆመ ያውቃል። ዘፋኙ ቢለወጥ፣ ግጥሙ ቢለወጥ ቦታው አይጠፋም። ቦታን በድምፅ ለይቶ የሚያውቅ ሕዝብ በምላሱ የማያውቅበት ምክንያት የለም፤ የቀረበለት ቢኖር። እማማ እኮ ከአንድ ጉንጭ በኋላ ከስልሳ ዓመት በፊት የመጠጡትን እሸት አስታውሰዋል። የአምባሰል ጓሮ ቡና ሐይቅ ዳር ካለው የተሁለደሬ ቡና በምን እንደሚለይ ጠይቀን ብንቀምስ ኖሮ ዛሬ መልስ ይኖረን ነበር። ሳንቀምስ ነው ወሎ የቡና አገር አይደለም ያልነው።

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄ ብመለስ፣ ጣዕም የአፈር ብቻ ነው የሚሉትን አልከተላቸውም። የደሴ ውሃ ከኮምቦልቻው ሁለት ዲግሪ ቀንሶ ይፈላል፤ ያም የቡናው አካል ነው። የተቀመጠው ሰው፣ የተደረገው ዱአ፣ ጨው የመጨመሩ ልማድ የቡናው አካል ነው። ስለዚህ እዚህ የሚጠጣ ስስ ቡና የኦስሎውን መምሰል የለበትም። በጀበና የሚፈላበትን፣ በዘነዘና ሳይሆን ደቀቅ አድርጎ በወፍጮ የሚፈጭበትን፣ ጠጣሩ ፍሬ ለ92 ዲግሪ ውሃ ውስጡን እንዲሰጥ ረዘም ብሎ የሚቆይበትን መንገድ ራሳችን ነን የምናገኘው። አቦሉን ከጓሮው ፍሬ በስሱ ቆልቶ ማቅረብ፣ ከዚያ ለጨዋታው ሌላ ምጣድ ማጥቆር ይቻል ይሆናል። እማማን ይህን ጠይቄአቸው ነበር። "የጓሮውንስ እሺ፤ የገበያውን ግን አላሳሳውም" አሉኝ። ሕጉን አንብበው አይደለም። ፍሬውን ስለሚያውቁት ነው።

የጓሮውም ቢሆን ዝም ብሎ አይገኝም። የወሎ ዝናብ በበልግና በክረምት ተከፍሎ ይመጣል፤ ቡናው አንዴ አያብብም፣ አንዴም አይቀላም። አንዱ ቅርንጫፍ ላይ ቀዩ፣ ቢጫውና አረንጓዴው አብረው ይንጠለጠላሉ። ለጥቁር ቁሌት ሁሉንም አንዴ ማርገፍ ይበቃል። ለስሱ ግን ቀይ ቀዩን ብቻ መርጦ፣ ሦስት አራት ጊዜ ተመላልሶ መልቀም ግድ ነው፤ አንድ እፍኝ ያልበሰለ ፍሬ የቀረውን ያበላሸዋል። ይህ መመላለስ በአብዛኛው የሴትና የልጅ ጉልበት ነው፤ ለነጋዴው አንድ ላይ ረግፎም ሆነ ተመርጦ ዋጋው አንድ ከሆነ ማንም አይመላለስም፣ መመላለስም የለበትም። ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ላይ ያልጠቆረ ቡና የሚጠጣበት ቤት ለመክፈት የሚያስብ ወጣት ካለ፣ ከማሽኑ በፊት የሚገዛው ያንን ሦስተኛና አራተኛ ለቀማ ነው። ዋጋውንም ፍሬው ገና አረንጓዴ ሳለ፣ ወረባቦ ሄዶ፣ ከቤቱ እመቤት ጋር ተቀምጦ ይነጋገር፤ ሲደርስ የሚመጣ ነጋዴማ ሁልጊዜም አለ።